እንዶድ፣ ሳፖኒን፣ ለማቶክሲን፦ የሦስት ቃላት ታሪክ

ንፋስ መውጫ የሚለው የጋይንት ከተማ ስም ፍቺውን ራሱ ይናገራል፤ ነፋስ የሚወጣበት ቦታ ማለት ነው። በዚያው አገር፣ በስማዳና በእስቴም ጭምር፣ እንዶድ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ መልሱ «ልብስ ማጠቢያ» የሚል ነው። «መውጫ»ና «ማጠቢያ» በአንድ ዓይነት የስም አወጣጥ ስልት የተገኙ በመሆናቸው ሰሚው ማብራሪያ አይሻም። ተርጓሚው የሚቸገረው ይኸው ተክል ወደ ቤተ ሙከራ ሲገባ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም የአሜሪካው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለይተው ለማቶክሲን አሉት፤ በዓይነቱ ሳፖኒን ነው።

«ሳፖኒን» የወጣው ሳሙና የሚል ፍቺ ካለው «ሳፖ» ከተባለው የላቲን ቃል ነው። የእኛም «ሳሙና» በዐረብኛው «ሳቡን» በኩል ከዚሁ ምንጭ ይገናኛል። ስለዚህ አጣቢዋ በተግባር የምታውቀውን ኬሚስቱ በስም ደገመው። ይሁንና አንዳንድ ተርጓሚ እንደሚቃጣው ቃሉን «አረፋ ሰጪ» ብሎ መመለስ አይበቃም። ሳፖኒኖች የሕዋስን ሽፋን ይበሳሉ፤ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈርሳሉ። በዚህም ጠባያቸው ተመራማሪዎች የወባን ጥገኛ ተሕዋስ ከቀይ የደም ሕዋስ ለማውጣት ይገለገሉባቸዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው ግን በአብዛኛው ከቺሌው የኪላያ ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ነው። አረፋው የሚታየው ምልክት እንጂ ዋናው ተግባር አይደለም።

«ለማቶክሲን» ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። «ቶክሲን» መርዝ ስለ ሆነ ቃሉን «የለማ መርዝ» ብለን ብንተረጉመው፣ «ለማ» በአማርኛ ግሥም በመሆኑ አንባቢ «የበለጸገ መርዝ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ከዚህም በላይ ለማ የተመራማሪው የአባት ስም ነው። በባሕር ማዶው ልማድ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሚሆን ክብሩ በስም ረገድ ለአባት ደረሰ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ግን «አክሊሉ ለማ» ተብሎ በሙሉ ስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ሳፖኒንንና ለማቶክሲንን በድምፃቸው ተቀብለን ፍቺያቸውን በአማርኛ ማስፈር ይገባናል እንላለን። እንዶድ በሚለው ቃል ሥር ግን «ልብስ ማጠቢያ» የሚለው ፍቺ አስቀድሞ ይጻፍ፤ «ቀንድ አውጣ ገዳይ» የሚለው ይከተል። የዕውቀቱ ቅደም ተከተል ይኸው ነውና፤ መዝገበ ቃላታችን ሁለተኛውን ብቻ ቢይዝ የግኝቱን መነሻ ከታሪኩ ይፍቃል።