ትርፍና ትራፊ

ነጋዴ ሸጦ ሲያበቃ በእጁ የሚቀረውን «ትርፍ» እንለዋለን። ሰው በልቶ ሲነሣ ማዕድ ላይ የሚቀረውን ደግሞ «ትራፊ»። ሁለቱም «ተረፈ» ከሚለው ግሥ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዳሩ ግን አንዱን እንመኘዋለን፣ ሌላውን እንጠየፈዋለን። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ትራፊውን ትርፍ ስላደረገ ሰው ነው። ትራፊው እንጀራ እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ ነው።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ካነበብኳቸው መጻሕፍት የሚበዙትን የገዛሁት ከመንገድ ዳር ነው። «ቀንስልኝ»፣ «አይቀንስም» እየተባባልኩ ስከራከር ኖርኩ እንጂ፣ መጽሐፍን በርካሽ የመሸጥ ንግድ እንዴት እንደ ተጀመረ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይህን ሥራ በትልቁ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የለንደን ጫማ ሰፊ መሆኑን ሳነብ ግን ገረመኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙ ጄምስ ላኪንግተን ይባላል። በ1746 በእንግሊዝ አገር፣ በሱመርሴት ግዛት፣ ዌሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ያገኙትንም ይጠጡት ነበር። ለእናት ለአባቱ ከወለዷቸው 11 ልጆች የበኩሩ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደሉ እንኳ ሳይጠነክርለት ክፍያው ስላልተቻለ ወጣ። በ10 ዓመቱ ፓይ እያዞረ ይሸጥ ጀመር። በ14 ዓመቱ ሙያ ይማር ተብሎ ለአንድ ጫማ ሰፊ ተሰጠ። ማንበብ የተማረው እዚያ ነው፤ አስተማሪውም የጌታው ልጅ ነበር። ያውም በነጻ አይደለም፣ ከምታክል ኪሱ ሳንቲም እየከፈለ!

በ1770ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሲገባ በእጁ የነበረው ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ብቻ ነበር። ሚስቱ ናንሲ ኋላ ተከተለችውና አብራው ጫማ እየሠራች መኖር ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ የገና ዋዜማ ላይ፣ ያለቻቸውን ሳንቲም ይዞ ለበዓሉ ምሳ የሚሆን ሊገዛ ወጣ። በመንገዱ ላይ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ መደብር ያያል። ጎራ አለ። ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእጁ ሥጋ አልነበረም፤ የኤድዋርድ ያንግ «የሌሊት ሐሳቦች» የተሰኘው የግጥም መጽሐፍ እንጂ። ለናንሲ ያቀረበላት ምክንያት፣ ምሳው ነገ ተበልቶ ያልቃል፣ መጽሐፉ ግን ዕድሜ ልካችንን ይመግበናል የሚል ነበር። ይህን የነገረን እሱ ራሱ ነው። የናንሲን ፊት ግን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። በገና ቀን ቤተሰቡን ጦም ያሳደረ ባል ዘንድሮ ቢገኝ ሽማግሌ ሳይላክበት አይቀርም።

በ1774 ክረምት ላይ ፌዘርስቶን በተባለ ጎዳና አንዲት ትንሽ ሱቅ ተከራየ። በአንድ በኩል ጫማ፣ በሌላ በኩል አሮጌ መጽሐፍ። የመጽሐፉ ዋጋ ተደማምሮ አምስት ፓውንድ ቢሞላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያቆመው ብድር ነው። በዘመኑ እሱ አባል የነበረበት የሜቶዲስቶች ማኅበር ችግረኛ ምእመናን ሥራ እንዲጀምሩ ያለ ወለድ ገንዘብ ያበድር ነበር። አምስት ፓውንድ ሰጡት። ዕቁብ እንበለው፣ ዕድር እንበለው፣ ብቻ እኛም የምናውቀው ዓይነት ነገር ነው። በ6 ወር ውስጥ የሱቁ ዕቃ 25 ፓውንድ ገባ፤ ጫማውንም ተወው።

ዳሩ ግን ደስታው አልዘለቀም። በ1775 ባልና ሚስት በትኩሳት ተያዙ። እሱ ተነሣ፤ ናንሲ አልተነሣችም። ጦም ያደረችለትን የመጽሐፍ ንግድ ሲያድግ ሳታይ ሞተች። በዓመቱ መጀመሪያ ዶርካስ የምትባል ሴት አገባ። ዶርካስ ልብ ወለድ ማንበብ የምትወድ፣ ሱቅ መቆም የማይሰለቻት ሰው ነበረች። ደንበኛ የሚፈልገውን የምታውቅ ሴት ባንኮኒ ላይ ስትቆም ንግዱ የቤተሰብ ሆነ ማለት ነው።

ጊዜውም ረድቶታል። በዚያው በ1774 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኝነት ተቀምጦ፣ አሳታሚዎች መጽሐፍን ለዘላለም በብቸኝነት ይዘን እንኖራለን የሚሉትን አቤቱታ ውድቅ አደረገው። የአሮጌ ደራስያን ሥራዎች ማንም በርካሽ የሚያትማቸው ሆኑ። ገበያ ላይ መጽሐፍ በዛ፤ አንባቢም በዛ።

ላኪንግተን ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በ1780 ዱቤን አቆመ። ያን ጊዜ ጨዋ ሰው መጽሐፍ ወስዶ ከ6 ወር በኋላ፣ ሲብስም ከሁለት ዓመት በኋላ ይከፍል ነበር፤ ጨርሶ የማይከፍልም ነበር። ላኪንግተን ያሰላው እንዲህ ነው፤ የማይከፍለው ሰው ዕዳ የሚጨመረው በሚከፍለው ሰው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ በየመጽሐፉ ላይ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ ጻፈ፤ ለመኳንንትም ቢሆን «ጥሬ ገንዘብ አምጡ» አለ። ዛሬ በየሱቃችን ተለጥፎ የምናየው «ዱቤ መጠየቅ ክልክል ነው» የዚህ ሰው የሥጋ ዘመድ ነው። ሌሎቹ መጽሐፍ ሻጮች ሳቁበት፤ ይከስራል ብለውም ጠበቁት።

ሁለተኛው ይበልጣል። አሳታሚዎች ሳይሸጥ የቀረውን መጽሐፍ እርስ በርሳቸው በጨረታ ይገዛዙ ነበር። የገዛው ሰው ከዚያ ላይ ግማሹን፣ አንዳንዴም ሦስት አራተኛውን ያጠፋና የቀረውን በሙሉ ዋጋ ይሸጠዋል። መጽሐፍ እንዲወደድ መጽሐፍ ይጠፋል! አሠራሩን ጥሶ በርካሽ የሸጠ ደግሞ ከጨረታው ይታገዳል። ላኪንግተንም መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ እንዳደረገ አልደበቀም። ኋላ ግን ተወው። ጨረታ ላይ ያገኘውን በሺህ የሚቆጠር ቅጂ እየገዛ፣ አንድም ሳያጠፋ፣ በግማሽም በሩብም ዋጋ ይሸጥ ጀመር። እንደ ራሱ ጽሑፍ በ1790ዎቹ መግቢያ በዓመት ከ100,000 ቅጽ በላይ ይሸጥ ነበር፤ የ1791 ትርፉም 4,000 ፓውንድ ደርሷል። በሠረገላው ላይ ያስጻፈው መፈክር ጥቂት ትርፍ ታላቅ ነገር ይሠራል የሚል ነው።

እዚህ ላይ «ደራሲውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያን ጊዜ ብዙው ደራሲ ሥራውን ለአሳታሚ በቁርጥ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። ዛሬ ግን ብዙው ደራሲ ከሽያጩ በመቶኛ ተካፋይ ነውና ትራፊው በርካሽ ሲወጣ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም። ይህን አልክድም። ቢሆንም መጽሐፉ ከሚቀደድና ከሚነበብ የትኛውን ይመርጣል ቢባል፣ የደራሲው መልስ አይጠፋኝም።

ኋላ ፊንስበሪ አደባባይ ላይ «የሙዚዎች ቤተ መቅደስ» ብሎ ግዙፍ መደብር ከፈተ። የፊቱ ስፋት 43 ሜትር ያህል ነበር። ከመስፋቱ የተነሣ ሲከፈት ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ በባንኮኒው ዙሪያ ተነዳበት ይባላል። ደረጃውን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር መጽሐፉ እየረከሰ ይሄዳል። ድሃ አንባቢ ጉልበቱን ይከፍላል ማለት ነው።

የሰው ነገር ግን ይኸው ነው። በ1791 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም በሜቶዲስቶቹ ላይ አፌዘባቸው፤ አምስቱን ፓውንድ ባበደሩት ሰዎች ላይ! መሰላሉን ወጥቶ መሰላሉን የረገጠ ሰው በኛም አገር ብርቅ አይደለም። ላኪንግተንን የምወደው ግን ስላልቀረበት ነው። በ1804 ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ ስሕተቱን ተናዘዘ፤ ኋላም የጸሎት ቤት አሠራላቸው። በ1815 አረፈ።

ንግዱን በ1798 የተረከበው ዘመዱ ጆርጅ ላኪንግተን ነበር። ሌሎች አሳታሚዎች የመለሱትን የአንዲት ወጣት ሴት ልብ ወለድ በ1818 በ500 ቅጂ ያሳተመው ይኸው የቤተሰብ ድርጅት ነው። መጽሐፉ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። መደብሩ በ1841 ተቃጠለ፤ ልብ ወለዱ ግን ዛሬም አለ።

ከእንግዲህ መንገድ ዳር ቆሜ ዋጋ ስከራከር፣ መጽሐፉን «ትራፊ ነው» ብዬ አላጣጥልም። ማን ያውቃል፣ ለዚያ መጽሐፍ ሲባል የአንዲት ናንሲ የበዓል ምሳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ቀንስልኝ» ማለቴን ግን አልተውም፤ ላኪንግተንም ቢሆን ይህን አይቀየመኝም።