ለጀማሪ የጓሮ አትክልት አምራቾች፦ በመቐለ ከተማ ተስማሚ የውሃ ማጠጫ ዘዴ አመራረጥ

መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ዝናቧ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል። በቀሩት ወራት የጓሮ አትክልት የሚለማው በመስኖ ነው፤ ውሃውም ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ከሚጠቀምበት ይቀነሳል። ስለሆነም ጀማሪ አምራች ዘር ከመግዛቱ አስቀድሞ በቤቱ የሚገኘውን የውሃ መጠን ማወቅና የማጠጫ ዘዴውን በዚያው ልክ መምረጥ ይኖርበታል።

የውሃ ፍላጎት ስሌት

አትክልት በበጋ ወራት በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ተብሎ ቢታሰብ፣ ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ሊትር፣ ለ10 ካሬ ሜትር መደብ ደግሞ 50 ሊትር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሚፈስሰው ውሃ ሁሉ ሥር ዘንድ አይደርስም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ዕቅድ በሚጠቀምበት ግምት የቦይ መስኖ ውጤታማነት 60 በመቶ፣ የጠብታ መስኖ 90 በመቶ ነው። በመሆኑም ለዚሁ መደብ በቦይ 83፣ በጠብታ 56 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በየቀኑ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል።

የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያገኝ ቤተሰብ በጠብታ መስኖ ቢጠቀም እንኳ 10 ካሬ ሜትር ለማልማት ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ያስፈልጉታል። ያለው አንድ በርሜል ከሆነ መደቡን በግማሽ መቀነስ ይገባዋል።

ዋና ዋና ዘዴዎች

• ማጠጫ ጣሳ፦ ወጪው አነስተኛ ነው። ለችግኝ መደብ፣ ለካሮትና ለሰላጣ ይስማማል።

• ቦይ፦ ለመሥራት ቀላል ቢሆንም ውሃ ያባክናል። የማይቋረጥ የውሃ ምንጭ ለሌለው አይመከርም።

• ጠብታ መስኖ፦ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ በርሜል ውሃው በራሱ ይወርዳል። በመቐለ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ከውሃው የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ማጣራትና የቱቦዎቹን ጫፍ በየሳምንቱ ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

• የተቀበረ ማሰሮ፦ ቀለም ወይም ቅባት ያልነካው የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ተቀብሮና አፉ ተከድኖ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ ያሰርጋል። ለቲማቲምና ለቃሪያ ይስማማል፤ ተጠጋግተው ለሚዘሩ አትክልቶች ግን አያመችም።

ሊደረጉ የሚገቡ ጥንቃቄዎች

አትክልት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማጠጣትና መደቡን በገለባ መሸፈን ትነትን ይቀንሳል። ከማጠጣት በፊት አፈሩን ጣት ያህል ጫር አድርጎ ማየት ይገባል፤ ከሥር እርጥብ ከሆነ ውሃ አያስፈልገውም። የከተማ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት፣ በረኪና ያለበት የእጥበት ውሃ ደግሞ ለማንኛውም አትክልት መዋል የለበትም።

ጀማሪ አምራቾች በአካባቢያቸው የሚገኙ የከተማ ግብርና ባለሙያዎችን እንዲያማክሩ ይመከራል።