በሕዝብ መሬት ላይ ቆሻሻ መጣልና የሚያስከትለው የሕግ ተጠያቂነት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው አዳማ (ናዝሬት) በኮረብታዎች በተከበበ ረባዳ ሥፍራ የተቆረቆረች በመሆኗ በክረምት ወራት ለጎርፍ የተጋለጠች ናት። በመውረጃ ቦዮችና በክፍት ቦታዎች ላይ የሚጣል ቆሻሻ የጎርፉን መንገድ ስለሚዘጋ ውኃው ወደ መኖሪያ ቤቶች ይገባል። ብክለቱም ወደ አዋሽ ወንዝ ሊደርስ ይችላል። አዳማ የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከዚሁ ከአዋሽ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አረጋግጧል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይን ሲተረጉም ጠጣር ነገሮችንም አካቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 519 ሕግን በመተላለፍ አካባቢን የበከለ ሰው ከ10 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ደንግጓል። ብክለቱ በሰው ጤና፣ በሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ያስከተለ ከሆነ ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በጎዳናዎች፣ በውኃ መውረጃዎች፣ በመናፈሻዎችና በአውቶቡስ ማቆሚያዎች ቆሻሻ መጣልን ከልክሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ በፌስታል ላይ ክልከላ የተጣለ ሲሆን፣ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር እንዲቀጣ ተወስኗል።

ይሁንና ሕጉ ግዴታ የጣለው በነዋሪው ላይ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 300 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና በአግባቡ መወገዱን እንዲያረጋግጡ አዟል። ገንዳ በሌለበት ወይም የሞላው በወቅቱ በማይነሳበት ቀበሌ የቅጣት ድንጋጌን ማስፈጸም አዳጋች ይሆናል። በአዲስ አበባ ቆሼ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው፣ በተፈቀደ ሥፍራም ቢሆን የአያያዝ ጉድለት የሚያስከፍለውን ዋጋ አሳይቷል።

በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እንደሚመለከተው ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለፌዴራል ወይም ለክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ተሰጥቶታል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ያላገኘ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ አቤት ባይ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በመሆኑም አቤቱታ የሚቀበል ሠራተኛ የቀረበበትን ዕለት በትክክል መመዝገብ ይኖርበታል፤ የ30 ቀናቱ ገደብ የሚቆጠረው ከዚያው ዕለት ጀምሮ ነውና።