«ዋጋ» እና ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት

ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የሰንጋ መገበያያ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ የኋላው ኮሌጅ፣ ስሙ የታወቀው በዚሁ ሠፈር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ የገበያው አማርኛ ወደ ሒሳብ መዝገብ ሲገባ መለየት ነበረበት። ሰንጋን ከበሬ፣ በሬን ከኮርማ ለይቶ የሚጠራው አማርኛ «ዋጋ» ላይ ሲደርስ ልል ነው፤ የተገዛበትንም፣ የሚሸጥበትንም፣ የሚገመትበትንም በአንድነት ይይዛል። በእንግሊዝኛ ከገዥው የሚጠየቀው ፕራይስ፣ ሻጩ ለግዥና ለቀለብ ያወጣው ኮስት፣ ሰንጋው ያወጣል ተብሎ የሚገመተው ቫልዩ ይባላል። ኮስትን በፕራይስ ቦታ የመዘገበ ተማሪ ትርፉን ከመዝገቡ ያጠፋል። «ወጪ» የተባለው ቃል ግን ቀድሞም በነጋዴው አፍ ነበረ።