የሕፃን ልጅ ችፌ ሲቆጣ፦ ካምፕ ውስጥ ባለን ነገር ምን እናድርግ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ችፌ ነው፤ ክሊኒክ ስትሄዱ ኤክዜማ የሚሏችሁ ማለት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ካኩማ ካምፕ ውስጥ ከአማርኛ ተናጋሪ እናቶች ጋር ክሊኒክ እየገባሁ አስተረጉማለሁ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄም ችፌ አለባት። ከሐኪሞች ደጋግሜ ያስተረጎምኩትንና ቤቴ በየቀኑ የማደርገውን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ችፌ ቶሎ ድኖ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ ግን በቅባትና በትክክለኛ መድኃኒት ይያዛል፣ ልጁም ሌሊት ይተኛል።

ችፌ ምንድን ነው?

ቆዳን እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡት። ልስኑ ሲሰነጠቅ ነፋሱም አቧራውም ይገባል። ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳው ከተፈጥሮው እርጥበት አይዝም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሳሙናውም አቧራውም ላቡም ያስቆጣዋል። ብዙ ጊዜ አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይታያል። እዚህ ካኩማ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆንና አቧራው ሲነሳ ይብስበታል።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ፦ ችፌ አይተላለፍም። ከቆሻሻ አይመጣም፣ ከእናት ጡትም አይመጣም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። ውሃ ወረፋ ላይ ልጆቻቸውን ከልጄ የሚያርቁ ሰዎች አሉ። እናት በዚህ ስትሸማቀቅ ምን ታደርጋለች? ልጁን በቀን ሦስት ጊዜ በሳሙና ትፈትጋለች። ያ ደግሞ ቆዳውን ይበልጥ ያደርቀዋል።

በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ግራጫማ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ፣ አንዳንዴም እንደ ጥቃቅን ሽፍታ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፈልጉት፤ በእጃችሁ ዳብሱት። ሕፃን ላይ ጉንጭና ራስ ላይ ይበዛል፤ መሄድ ከጀመረ በኋላ የክርንና የጉልበት መታጠፊያ፣ የእጅ አንጓና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው።

እከክ ወይስ ችፌ?

ይህን መለየት ካምፕ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕክምናቸው የተለያየ ነውና። ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያሳክከው ከሆነ፣ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶች መሃልና በእጅ አንጓ ላይ፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ነጠብጣብ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ ይተላለፋል፤ አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ያለና መሃሉ የጠራ ከሆነ ደግሞ ጭርት ይሆናል። የችፌ መድኃኒት ጭርት ላይ ቢቀባ ጭርቱን ያስፋፋዋል። ካልለያችሁት ከመቀባታችሁ በፊት አስመርምሩ።

በየቀኑ የሚደረግ

ገላውን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ እጠቡት። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውሃው ይፈላልና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃ ካጠረ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ሊትር ይበቃል። ሳሙና ለእጅ፣ ለእግርና ለመቀመጫ ብቻ ይሁን። የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና ገላው ላይ አይንካው። ልብሱንም ስታጥቡ ሳሙናው እስኪወጣ አለቅልቁ።

ካጠባችሁት በኋላ አትሹት፤ ለስለስ ባለ ጨርቅ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ቢያንስ በቀን 2 ጊዜ መላ ሰውነቱን፤ ታጠበም አልታጠበም። ችፌው ሲጠፋም አታቋርጡ። ብዙዎቻችን የምንተወው ቆዳው ሲያምር ነው፤ ተመልሶ የሚነሳውም ያኔ ነው። ቫዝሊኑን በንጹሕ ማንኪያ አውጡ፤ ጣት ሲገባበት ጀርም ይገባል። ቫዝሊን ከጠፋ የሱፍ ዘይት ከባዶ ይሻላል፤ የወይራ ዘይት ግን ቆዳውን ይጎዳል።

ጥንቃቄ፦ ቅባት የነካው ልብስና ብርድ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዛል። የተቀባ ልጅ ከከሰል ምድጃና ከሻማ ይራቅ።

ጥፍሩን አሳጥሩለት። ስስ የጥጥ ልብስ አልብሱት። የእርዳታው ብርድ ልብስ ይኮሰኩሳል፤ እኔ አሮጌ ነጠላ ከሥሩ አደርግላታለሁ።

ሲቆጣ

ሲቆጣ ቫዝሊን ብቻውን አይበቃም። ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንት ይሰጣሉ፤ ከበድ ካለ ለገላ ቤታሜታዞን ሊያዙ ይችላሉ። እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው። እናቶች "ስቴሮይድ ልጄን ይጎዳል" ብለው ይፈራሉ፤ አንዳንዴ አስተርጉሜላቸው እንኳ ቤት ወስደው ያስቀምጡታል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲቀባ ግን አይጎዳም። የሚያሰቃየው ሳይታከም የቀረው ችፌ ነው።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ ከትልቅ ሰው ጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ መስመር ከቲዩቡ አውጡ። ይህ ከነጣቶቹ ሁለት የትልቅ ሰው መዳፍ ለሚያክል ቦታ ይበቃል። የተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ፣ በታዘዘው መሠረት በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ቆዳው ሲዳበስ ልስልስ እስኪል ቀቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ነው፤ ፊት ላይ ግን ቀኑ ያንሳል። ዓይን አጠገብ ያለ ሐኪም አትቀቡ። በመድኃኒቱና በቫዝሊኑ መሃል 20 ደቂቃ ያህል ቆዩ።

ሌሊት ማሳከኩ ካየለ በንጹሕ ውሃ የረጠበ የጥጥ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አድርጉበትና ወዲያው ቫዝሊን ቀቡ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብላችሁ የሳል ሽሮፕ አትስጡት፤ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ከገበያ ስለሚገዛ ቅባት

"በሦስት ቀን ያጠፋል" ተብሎ የሚሸጥ ቅባት አለ፤ እውነትም ቶሎ ያጠፋል። ግን ብዙዎቹ፣ በተለይ ፊት የሚያቀሉት፣ ክሎቤታሶል የሚባል በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። የሕፃን ቆዳ ያሳሳል፣ ወደ ደም ይገባል፣ እድገቱንም ሊጎዳ ይችላል። ሲቋረጥ ደግሞ ችፌው ብሶ ይመለሳል። ስሙ ያልተጻፈበትን፣ ከሌላ ዕቃ የተገለበጠውን ወይም ለማቅላት የሚሸጠውን ልጅ ላይ አትቀቡ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ጋዝም እንዲሁ፤ ያቃጥሉታል እንጂ አያድኑትም።

ምግብና ክትባት

ችፌ ስላለበት ብቻ እንቁላል፣ ወተት ወይም ጡት አትከልክሉት። ራሽን በሚቀንስበት ቦታ ያለምክንያት ምግብ መቀነስ ልጁን ያከሳዋል። አንድ ምግብ በበላ ቁጥር ወዲያው ካበጠ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ለሐኪም ንገሩ። የኩፍኝም ሆነ ሌላው መደበኛ ክትባት በችፌ ምክንያት አይቀርም።

በዚያው ቀን ክሊኒክ የሚያስኬድ

• ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም እብጠት ካለው
• ትኩሳት ካለው፣ ካልበላ ወይም ከፈዘዘ
• ዓይኑ አጠገብ ከቆሰለ
• ድንገት የሚያም፣ ክብ ክብ ያለና የተጠጋጋ ውሃ የያዘ ፊኛ ከወጣበት

የመጨረሻው ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። የሚያመጣው ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ችፌ ያለበትን ልጅ አይሳም። አክስትም ብትሆን፣ አያትም ብትሆን።

ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ከሌለ

ኬንያ ላላችሁ እነዚህን የስዋሂሊ ቃላት ያዙ፦
• "ምቶቶ አናጂኩና ሳና" – ልጁ በጣም ያክካል
• "ኡሲኩ ሃላሊ" – ሌሊት አይተኛም
• "አና ሆማ" – ትኩሳት አለው
• "ኒፓኬ ማራ ንጋፒ ክዋ ሲኩ?" – በቀን ስንት ጊዜ ልቀባ?
• "ክዋ ሲኩ ንጋፒ?" – ለስንት ቀን?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳትጠይቁ ቲዩቡን ይዛችሁ አትውጡ። የጨረሳችሁትንም ዕቃ አትጣሉት፤ ስሙን ለቀጣዩ ሐኪም ታሳያላችሁ።

ችፌው ሲበርድ የሚቀረው ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ጠባሳ አይደለም። ቀስ እያለ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ እሱን ለማጥፋት ሌላ ቅባት አያስፈልግም። ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል። ጎረቤት ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፦ ችፌ ያለበት ልጅ ከልጆቻችሁ ጋር ይጫወት፣ ከአንድ ትሪ ይብላ። ምንም አይተላለፍባችሁም።