የጌም ኮምፒውተር ዕቃዎች አመራረጥ

የጌም ኮምፒውተር ዕቃዎች አመራረጥ ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ለየብቻ ገዝቶ ለመገጣጠም የሚደረግ ምርጫ ነው። በመካከለኛ በጀት የሚገጣጠም ኮምፒውተር አብዛኞቹን ጌሞች በ1920 በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 60 ምስልና ከዚያ በላይ እንዲያጫውት ይጠበቃል። በኢትዮጵያ ዕቃዎቹ ከውጭ ስለሚገቡ ዋጋቸው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ስለቀነሰ፣ የተቃጠለ ዕቃ መተካት ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ምርጫው ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም ያገናዝባል።

የበጀት ክፍፍል

ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን በጣም ደካማ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ባለ 6 ኮር ራይዘን 5 5600 ከአርኤክስ 6600 (8 ጊጋባይት) ወይም ከአርቲኤክስ 3060 (12 ጊጋባይት) ጋር ሲጣመር ሚዛኑን ይጠብቃል። 16 ጊጋባይት ራም በአንድ ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነት ይጨምራሉ።

መጣጣም

የፕሮሰሰሩና የማዘርቦርዱ ሶኬት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ዲዲአር4 ራም ሲጠቀም ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የካርዱ ርዝመትም ከኬዙ ጋር ይመሳከራል።

ኤሌክትሪክ

የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ለግድቡ ቅርብ በሆነችው ቤሌ ወይም በወላይታ ሶዶ አንድ ቤት የሚደርሰው ቮልት የሚወሰነው በአካባቢው ትራንስፎርመር፣ በመስመሩ ርዝመትና በተጠቃሚው ብዛት ነው። በመሆኑም በፓወር ሰፕላይ ላይ መቆጠብ አይመከርም። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ ያስተካክላል። በአንዳንድ ርካሽ ዓይነቶች ጀርባ ግን ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ስታቢላይዘር ቮልቱን ያመጣጥናል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አያቆይም። ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። በዩፒኤስ ላይ በቪኤ የተጻፈው ቁጥር በዋት ከሚሰጠው አቅም ስለሚበልጥ፣ መታየት ያለበት ዋቱ ነው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

ሌላው አማራጭ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። የነዚህ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚያገኘው ኃይል ደግሞ ከ75 ዋት አያልፍም። በዚህ ገደብ ውስጥ የሚሠሩ የጂቲኤክስ 1650 (4 ጊጋባይት) ዓይነቶች አሉ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ያስፈልጋል።

ማጓጓዝና ፍተሻ

ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተገጣጠመ ኮምፒውተር በመኪና ሲጫን ከባዱ ግራፊክስ ካርድ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸጋል፤ ካልሆነ ንዝረቱ መሰኪያውን ሊሰብረው ይችላል። ያገለገለ ካርድ ከመከፈሉ በፊት ከባድ ጌም እያጫወተ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈተሻል፤ ብዙ ብልሽት የሚታየው ካርዱ ከሞቀ በኋላ ነው።