የትእዛዝን ውጤት ወደ ፋይል የመምራት ዘዴ፤ ታሪካዊ አመጣጡና ትምህርቱ

መምህራን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይበልጣል» ብለው የሚያስተምሩት ምልክት በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር ላይ ሌላ ተግባር አለው። ከአንድ ትእዛዝ ቀጥሎ ምልክቱና የፋይል ስም ሲጻፉ፣ በተርሚናል ላይ ይታይ የነበረው ውጤት በፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል።

የሐሳቡ ምንጭ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተሠራው መልቲክስ ነው። በመልቲክስ ውጤትን ወደ ፋይል ለማዞር አንድ ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ዋናው ትእዛዝ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ወደ ተርሚናል ለመመለስ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር። በዘዴው ብዙዎች ቢገለገሉም፣ ላሳጥረው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቤል ላቦራቶሪስ በ1969 ከመልቲክስ ሥራ ከወጣ በኋላ፣ ባልደረቦቹ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሠሩ፤ ሦስት ትእዛዝ የጠየቀውም ሥራ በአንድ መስመር ተጠቃለለ። ሪቺ በ1979 ባቀረበው ጽሑፍ የመዘግየቱን ምክንያት ሲገምት፣ በመልቲክስ የግብአትና የውጤት ክፍሉ በቤል፣ የትእዛዝ ተርጓሚው ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እጅ እንደነበረ ያስታውሳል። የቤል ሰዎች የሌላውን ሥራ ለመለወጥ አላሰቡም። በዩኒክስ ግን ሁለቱም በቶምሰን እጅ ስለነበሩ፣ ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ ለሥራው አንድ ሰዓት ያህል በቃ።

በትምህርት ሥራም መጽሐፍ የሚያዘጋጀውና በክፍል የሚያስተምርበት በተለያየ ስፍራ ይገኛሉ። የሥራ ክፍፍል አስፈላጊ ቢሆንም፣ በክፍሎቹ መካከል መገናኛ ካልተበጀ ቀላሉ መፍትሔ በሁሉም ፊት እያለ ይታለፋል።